ሰርጓጅ መርከብ ሰምጦ ከታች ከቀረ በህይወት የወጣ ሰው አለ?

የማታ አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ሰርጓጅ መርከቦች እያነበብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ሰርጓጆች ከዘመቱት ወደ 40 ሺ ሰዎች ከአራቱ ሶስቱ ገደማ አልተመለሱም፣ ቁጥሩን ተሳስቼ ነው ብዬ ደግሜ ሁላ አይቸዋለሁ። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። መርከቧ ባህሩ ወለል ላይ አርፋ ውስጧ በህይወት ያሉ ሰዎች ካሉ ወጥተው ያውቃሉ? ወይስ አንዴ ከሰመጠች በቃ ነው? ፊልም ላይ ሲወጡ አያለሁ ግን ያው ፊልም ነው።

ባህር ወዳድ፦
ወጥተው ያውቃሉ እንጂ! የስኳለስን ታሪክ ፈልግ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው) በ1939 ሜይ 23 ይቺ አዲስ የአሜሪካ ሰርጓጅ ለሙከራ ስትጠልቅ ለሞተሮቹ አየር የሚያስገባው ትልቁ ቧንቧ ሳይዘጋ ቀረና ውሃው በኋላ በኩል ገባ። አንዱ መርከበኛ መካከለኛውን ብረት በር ይዞ የሚሮጡትን አሳለፈና ከዛ ዘጋው፣ ከበሩ ወዲያ የቀሩት 26ቱ ሞቱ፣ 33ቱ ከፊት ባሉት ክፍሎች ተረፉ። 74 ሜትር ታች፣ ጨለማና ብርድ ውስጥ። ያገኘቻቸው ስከልፒን የምትባል እህት መርከብ ናት። ከዛ ጠላቂ ወረደና የመውጫው ክዳን ላይ ገመድ አሰረ፣ ደወል የመሰለ ትልቅ ብረት ገመዱን ተከትሎ ወርዶ ክዳኑ ላይ ይለጠፋል፣ ከስሩ ያለውን ውሃ አውጥተው ይከፍቱና ሰው ይጭናሉ። በአራት ዙር 33ቱንም አወጧቸው። በመጨረሻው ዙር ደወሉን ወደ ላይ የሚስበው ገመድ መበጣጠስ ጀምሮ በእጅ ነው የጎተቱት፣ እሱን ክፍል ሳነብ ራሴ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ጠጠር፦
እሱ ልክ ነው ግን ልጁን ተስፋ እንዳናበላው። ስኳለስ 74 ሜትር ላይ ስላረፈች ነው። ሰርጓጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወለሉ ብዙ ሺ ሜትር በሆነበት ባህር ላይ ነው፣ እዛ ከሰመጠ ወለሉ ጋ ሳይደርስ ግፊቱ ቀፎውን ይጨፈልቀዋል፣ የሚታደጉት ሰው የለም። የአሜሪካዋ ትሬሸር በ1963 እንደዛ ነው 129 ሰው ይዛ የሄደችው። የአርጀንቲናዋ ሳን ሁዋን በ2017 ከ44 ሰው ጋር ጠፍታ ከአንድ ዓመት በኋላ 900 ሜትር አካባቢ ላይ ተገኘች። ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆንም ዋስትና የለውም ደግሞ። የሩሲያዋን ሰርጓጅ ኩርስክን አስታውሱ፣ 2000 ላይ፣ 108 ሜትር ብቻ። የራሷ ቶርፒዶ (ውሃ ውስጥ የሚተኮስ ፈንጂ) ፈንድቶ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ትልቁ ፍንዳታ መጣ። 23ቱ ግን ኋላ ዘጠነኛው ክፍል ተሰብስበው ለሰዓታት በህይወት ነበሩ፣ መኮንኑ ኮሌስኒኮቭ በጨለማ የስም ዝርዝር ፅፎ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። የኖርዌይ ጠላቂዎች ክዳኑን የከፈቱት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው፣ ሁሉም ሞተው። በጠቅላላ 118 ሰው።

ሞተረኛው፦
ማንም ሳይረዳቸው የወጡም አሉ። ታንግ የምትባል የአሜሪካ ሰርጓጅ በ1944 ኦክቶበር የመጨረሻ ቶርፒዶዋን ስትተኩስ ቶርፒዶው ዞሮ ተመልሶ ራሷን መታት (አዎ፣ የራሷ)። 55 ሜትር ላይ አረፈች። የተወሰኑት ከፊት ባለው ትንሽ መውጫ ክፍል ውስጥ ገብተው ውሃ ሞልተውት፣ ደረት ላይ የሚታሰር የአየር ከረጢት ይዘው ወጡ። ላይ መድረስ ግን መትረፍ ማለት አይደለም፣ ከ87ቱ በህይወት የቀሩት 9 ብቻ ናቸው፣ እነሱም ካፒቴኑን ጨምሮ ጦርነቱ እስኪያልቅ በጃፓን እጅ ምርኮኛ ሆኑ።

በነገራችን ላይ ስለ ፊልም ካነሳህ፣ ፊልም የማያሳየው ዩ 1206ን ነው፣ በ1945 ስኮትላንድ አካባቢ በሽንት ቤት ምክንያት የጠፋች የጀርመን ሰርጓጅ። ጥልቀት ላይ ሽንት ቤቱን ማጠብ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፣ አንድ ነገር ተበላሽቶ የባህር ውሃ ከስሩ ወዳለው ባትሪ ወረደ፣ የባህር ጨውና ባትሪ ሲገናኝ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፣ ላይ ደግሞ አውሮፕላን ጠበቃቸው።

የማታ አንባቢ፦
ሽንት ቤት?? እሺ አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ስኳለስ ግን ከዛ በኋላ ምን ሆነች፣ እዛው ቀረች?

ባህር ወዳድ፦
አይ እሱን ነው ያስቀረሁት። አወጧትና ጠግነው ስሟን ሰይልፊሽ ብለው ቀይረው በ1940 ስራ ላይ መለሷት። በጦርነቱ 12 ጊዜ ዘመተች። በ1943 ዲሴምበር በከባድ ማዕበል መሃል ቹዮ የምትባል የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ አሰመጠች። ቹዮ ላይ 21 የአሜሪካ ምርኮኛ መርከበኞች ነበሩ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሰመጠች ሰርጓጅ የተማረኩ። የስከልፒን ልጆች። ያቺ በ39 ያገኘቻቸው። ከ21ዱ አንድ ሰው ብቻ ተረፈ።

ጠጠር፦
ይሄን አላውቅም ነበር። ሰይልፊሾቹ ምን እንደመቱ ያወቁት መቼ ነው?

ባህር ወዳድ፦
ሲተኩሱማ ምርኮኞች እንዳሉባት የሚያውቅ አልነበረም። የሰይልፊሽ ማማ አሁን አሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ኪተሪ ባለው የባህር ኃይሉ ግቢ ውስጥ መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል።