«ልፋጭ» እና «ልፋት» ዘመድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ እዚህ አዳማ ሥጋ ቤት የገባ ደንበኛ ቆራጩን «ልፋጭ እንዳታበዛብኝ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ቃሉ ከ«ለፋ» እና ከ«ልፋት» ጋር አንድ ሥር ይኖረው እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱን።

መልስ፦ ድምፃቸው ቢቀራረብም ዘመድ አይመስሉኝም። «ልፋጭ» በገፈፋ ጊዜ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ የሚቀረው ስስ ሽፋንና ብጥስጣሽ ሥጋ ሲሆን፣ ሥጋ ቤት ውስጥ ጥርስ የማይበግረውን ጅማታም ቁራጭም ይጨምራል። ከ«ቆረጠ» «ቁራጭ»፣ ከ«ቀደደ» «ቅዳጅ» እንደሚወጣ ሁሉ፣ በ«ልፋጭ» መጨረሻ ያለው «ጭ» የሥሩ ሦስተኛ ፊደል ነው። «ልፋት» ግን «ክፋት» ከ«ከፋ» በወጣበት መንገድ ከ«ለፋ» የወጣ ስለሆነ፣ «ት» ስም ለማውጣት የተጨመረች እንጂ የሥሩ አካል አይደለችም።

ይልቅስ የቆዳ ሥራ ቃል የሆነው «ለፋ» ራሱ ነው። ቆዳ ለፋ የሚባለው ተነክሮ፣ ፀጉሩና ልፋጩ ተወግዶ፣ በእምቧይ ፍሬ ጭማቂና በቅባት እየታሸ፣ በእግርም እየተረገጠ ድርቀቱ ሲለቀው ነው፤ ስልቻና አቆማዳ የሚሰፋው ከእንዲህ ያለው ቆዳ ነው። (የባለሙያውን የቀድሞ መጠሪያ ለስድብ ስለዋለ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።) ሁለቱ ቃላት የሚገናኙትም በሥር ሳይሆን በዚህ ሥራ ላይ ብቻ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን የግሡ አካሄድ ነው፤ የሚያለፋው ባለሙያው ሲሆን የሚለፋው ቆዳው ነው። እንግዲህ «ዕድሜ ልኬን ለፋሁ» የሚል ሰው ራሱን ያስቀመጠው በሠራተኛው ቦታ ሳይሆን በሚታሸውና በሚረገጠው ቆዳ ቦታ ነው ማለት ነው፤ «አታልፋኝ» የሚለው ልመናም የሚገባን በዚሁ መንገድ ነው። የቆዳው ትርጉም ቀድሞ የድካሙ ተከትሎታል ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው። «ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ተሸክሞ ያድራል» በሚለው ተረት ውስጥ ቆዳው ፈጽሞ ተረስቶ ድካሙ ብቻ ቀርቷል።

ተጨማሪ፦ በመልሱ እስማማለሁ። ከእኛ ብዙ በማይርቀው ሞጆ ያሉት ፋብሪካዎች ቆዳና ሌጦውን በሚሽከረከሩ ትልልቅ በርሜሎች ውስጥ በክሮም ቢያዘጋጁትም «የለፋ ቆዳ» ማለት አልቀረም። ብራና ግን ተወጥሮ፣ እየተፋቀ ይደርቃል እንጂ ስለማይታሽ «የለፋ ብራና» አይባልም።