5 ቮልቱን ወደ 12 አውጥቼ ትልልቅ ቁጥሮች ሳበራ አርዱይኖው ይጠፋብኛል

ጠያቂ፣ ሐዋሳ፦
ሰላም ቤተሰብ። እህቴ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ትጠብሳለች። እሑድ ሰው ሲበዛ ተራ እየተምታታ ስለሚያጣላ የተራ ቁጥር ማሳያ እየሠራሁላት ነው፤ ሦስት ዲጂት፣ ባለ 4 ኢንች፣ ቀይ፣ ኮመን አኖድ (ፖዘቲቩ የጋራ የሆነ)። መጀመሪያ በ5 ቮልት ስሞክራቸው ነጥቧ ብቻ በራች፤ የተበላሸ የሸጡልኝ መስሎኝ ነበር። ለካ በእያንዳንዱ መስመር (ቁጥሩን ከሚሠሩት ሰባት ጭረቶች በአንዱ) 4 ኤልኢዲ፣ ማለትም ትንንሽ መብራት፣ በተከታታይ ስላለ ወደ 8 ቮልት ይፈልጋል። በኤምቲ 3608 ቡስተር (ቮልት በሚያሳድግ ትንሽ ሰሌዳ) የስልክ ቻርጀሩን ወደ 12 አወጣሁት። ቁጥሩን የሚያዘው አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ነው፤ ዲጂቶቹን የማበራው ትእዛዙን ለየመስመሩ በሚያደርስ 595 ቺፕ እና ከረንቱን በሚሸከም ዩኤልኤን 2003 ቺፕ ነው፤ ከረንቱን የሚገድበው ሬዚስተር 150 ኦም።

111 ሲጽፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። 188 ላይ ሲደርስ ይደበዝዝና አርዱይኖው ጠፍቶ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ቡስተሩን በትልቅ ልቀይረው?

መልስ፣ አዳማ፦
ቻርጀሩ ስንት አምፔር ነው?

ጠያቂ፦
1 አምፔር ይላል።

መልስ፣ አዳማ፦
በቃ እሱ ነው። 111 ላይ የሚበሩት 6 መስመሮች ናቸው፣ 188 ላይ 16። እያንዳንዱ 20 ሚሊአምፔር ቢወስድ 320 ይሆናል፤ በ12 ቮልት ወደ 4 ዋት። ቡስተር ቮልት ይጨምራል እንጂ ዋት አይወልድም፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ከቻርጀሩ 0.9 አምፔር ገደማ ይስባል። 888 ቢመጣ 21 መስመር ነው፣ ቻርጀሩን ያልፈዋል። 5 ቮልቱ ሲወርድ አርዱይኖውም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ገልብጠው፦ 12 ቮልት ባለ 2 አምፔር አዳፕተር በቀጥታ ለዲጂቶቹ ስጥ፣ ለ595ና ለአርዱይኖው ብቻ ወደ 5 አውርድ። ኔጌቲቩ የሁሉም አንድ ይሁን።

መልስ፣ የሐዋሳ ሬዲዮ ጠጋኝ፦
ልጄ፣ ልክ ነው የነገረህ። እኔ ግን መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥባት የባጃጅ ባትሪ አድርግላት እላለሁ፤ እሱም 12 ቮልት ነው። ባትሪው ቻርጅ ላይ ሳለ እስከ 14.4 ስለሚወጣ በ150 ኦም እያንዳንዱ መስመር ወደ 36 ሚሊአምፔር ይሄድበታል፣ ኤልኢዲው ቶሎ ይደክማል። 270 ብታደርገው 20 ላይ ይቆማል። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አትርሳ፤ እዚያ ዘይት አለ፣ እሳት አለ። ከፊቱ ቀይ ፕላስቲክ፣ ከላዩ ጥላ ብታደርግለት ቀትር ላይም ይታያል።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሬዚስተሮቹን በ270 ቀይሬ ከጎረቤት ባጃጅ ባትሪ ተውሼ ሞከርኩት። 888 ጽፌ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ተውኩት፣ አልጠፋም። አሁን ፊውዙንና ቀይ ፕላስቲኩን ፍለጋ ልወጣ ነው።