ከጨጓራ ቅነሳ በኋላ 60 ግራም ፕሮቲን አልሞላ ብሎናል፤ ምን ይደረግ?

ዘወትር አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ስድስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ሐኪሟ ለስላሳ ምግብ እንድትጀምር ፈቅዶላታል፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን እንድትወስድም አዟታል። ምግቡን የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ሁሉንም እየመዘንኩ እጽፋለሁ፤ ከ30 እስከ 35 ግራም ላይ ይቆማል። አንድ እንቁላል ሳትጨርስ ጠገብኩ ትላለች። ዶሮ ስሰጣት ደረቷ ላይ ይቆምና አረፋ የመሰለ ምራቅ ያስተፋታል። የፕሮቲን ዱቄቱን ትኩስ ሾርባ ላይ ስጨምረው ደግሞ ይጓጉላል።

ሳላስጨንቃት እንዴት ልሙላላት? ኮላጅን የሚባለው ዱቄትስ ይሆናታል? ፕሮቲን እያነሳት መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

የምግብ ሚዛን፦

እህትዎን ይማርልዎ። በዚህ ሳምንት በአንድ ጊዜ የምትበላው ከግማሽ ኩባያ ባያልፍ የሚጠበቅ ነውና ትንሽ በላች ብለው አይጨነቁ። በስሊቭ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው የላይኛው ክፍልም አብሮ ስለሚወጣ ረሃቡ ይጠፋል። ስለዚህ «ሲርብሽ ብዪ» ማለት ለጊዜው አይሠራም፤ በሰዓት መብላት አለባት።

ሳህኑን ማሳደግ አይቻልም። ማንኪያው ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ግን ማሳደግ ይቻላል፤ በወተት ይጀምሩ። አንድ ኩባያ ማለትም 240 ሚሊ ሊትር ወተት 8 ግራም ፕሮቲን አለው። ስብ የወጣለት የዱቄት ወተት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቢበጠብጡበት ወደ 16 ግራም ይጠጋል፤ መጠኑ ግን ያው አንድ ኩባያ ነው። ይህን ወተት ባዶ ወተት በሚገባበት ቦታ ሁሉ ይጠቀሙበት፦ እንቁላል ሲመቱ፣ ድንች ሲፈጩ፣ ሾርባ ሲያወፍሩ። ወተት የሚነፋት ከሆነ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር የሌለውን ይግዙ፤ ፕሮቲኑ አይቀንስም።

የአንድ ቀን አበላል ላስላልዎ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንድ እንቁላል በአንድ የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት ተመቶ፣ በዝግታ እሳት ሳይደርቅ የተጠበሰ፤ 8 ግራም። 3 ሰዓት ተኩል ላይ 200 ሚሊ ሊትር ከላይ ያልኩት ወተት፤ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ብቻ ቢገባበት 11 ግራም። ምሳ ላይ 50 ግራም የበሰለ ለስላሳ ነጭ ዓሣ፤ 11 ግራም። 9 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ መስፈሪያ የፕሮቲን ዱቄት በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ 20 ግራም። ማታ 12 ሰዓት ላይ 40 ግራም በመረቅ የራሰ የተፈጨ ዶሮ፤ 10 ግራም። ከመኝታ በፊት 100 ግራም ውሃው የተጠለለ ወፍራም እርጎ፤ 9 ግራም። ድምሩ 69 ነው፤ ከፕሮቲን ዱቄቱ በቀር ከአንዱ ግማሹን ብታስቀር እንኳ ከ60 አይወርድም። እንቁላሉን በአንድ ጊዜ ካልቻለችው ግማሹን ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ትብላው እንጂ እንድትጨርስ አያስገድዷት።

ልብ ይበሉ፤ ከዚህ ውስጥ 31 ግራሙ የሚጠጣ ነው። በዚህ ደረጃ በጠንካራ ምግብ ብቻ 60 ለመሙላት መታገል ማስታወክን ይጋብዛል። የሚጠጣው እየቀነሰ የሚበላው የሚጨምረው ከሁለተኛው ወር ወዲያ ቀስ በቀስ ነው።

ቦታ የሚሻሙትንም ይወቁ። ቀጭን የሥጋ ወይም የአጥንት መረቅ ለማርጠቢያ ድንቅ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ያለውም አብዛኛው ጄላቲን ነው። የለውዝ ቅቤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ 7 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲሰጥ 190 ካሎሪ ይዞ ይመጣል፤ የስብ ምግብ ብለው ይመዝግቡት። የበሰለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ስላለው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን 100 ግራም ለእህትዎ ሙሉ ምሳ ነው፤ እርጎ ወይም እንቁላል ይደባለቅበት።

ማንኪያ በማንኪያ፦

የዶሮውን ነገር እኔ ልመልስ። ዶሮ ደረት ላይ የሚቆመው ሲደርቅ ነው። የደረት ሥጋ ስቡ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ከልክ በላይ ከበሰለ ጭረቱ ይጠነክራል። ቱቦ የሆነው ጨጓራ ደግሞ እንደ ድሮው አያላውሰውም፤ አሲዱም ቀንሷል። ለዚህ ጊዜ የጭኑን ሥጋ ይምረጡ። በመረቅ ውስጥ ተከድኖ፣ ሳይንተከተክ በዝግታ ይብሰል፤ ቴርሞሜትር ካለዎት መሐሉ 74 ዲግሪ ሲደርስ በቂ ነው። ሲበርድ ጭረቱን አቋርጠው ይክተፉ፤ ከዚያ በብሌንደር ከሁለት የሾርባ ማንኪያ መረቅና ከአንድ ማንኪያ እርጎ ጋር ጥቂት ጊዜ ብቻ ያዙሩት። በሹካ ጀርባ ሲጫኑት ከተዳመጠና ካልተፈረካከሰ ለሳህን ደርሷል። ተጭነውት መልሶ ከነጠረ ገና ነው፤ ይመልሱት።

ሌላው ስህተት ማሞቅ ነው። ትናንት ለስላሳ የነበረ ዶሮ ዛሬ በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ይደርቃል፤ «ትናንት በልታው ምንም አላላትም፣ ዛሬ ለምን?» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው። ሁልጊዜ መረቅ ጨምረው፣ ከድነው፣ በትንሽ እሳት ያሙቁት።

ጉርሻዋ ከሽምብራ ፍሬ አይብለጥ። የሻይ ማንኪያ ወይም የሕፃን ማንኪያ ይስጧት። ከ20 እስከ 30 ጊዜ ታኝክ፤ ከዋጠች በኋላ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኑራ አንድ ደቂቃ ትጠብቅ። ምግቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይውሰድ፤ ከዚያ ካለፈ የቀረው ይነሳ። የጠገበች ቀን ስቅታ፣ የአፍንጫ መርጠብ ወይም ከደረት አጥንት ሥር መጨነቅ ሊቀድም ይችላል። ምልክቱ ከመጣ በኋላ የምትጨምራት አንዲት ጉርሻ ናት የምታስመልሳት።

ከቆመባትም ውሃ ጠጥታ ለማውረድ አትሞክር፤ ውሃው ከላይ ይጠራቀምና ይብሳል። ቀና ብላ ትቀመጥ ወይም ትንቀሳቀስ፤ ካለፈላት በኋላ የቀረውን ቀን ፈሳሽ ብቻ ትውሰድ። ምራቋን እንኳ መዋጥ ካቃታት ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ዱቄቱ የሚጓጉለው በሙቀቱ ነው። ዌይ የሚባለው የወተት ፕሮቲን 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል። ጣዕም የሌለውን ዱቄት በመጀመሪያ በሦስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት እንደ ሊጥ ያሹት። ሾርባውን ከእሳት አውርደው፣ ምላስ ሳያቃጥል የሚጠጣ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ከዚያ ሊጡን እያማሰሉ ይጨምሩ። ተመልሶ እሳት ላይ አይውጣ። ትኩስ እንዲሆን የግድ ከፈለጉ የዱቄት ወተት ይጠቀሙ፤ እሱ ሙቀት ይችላል።

የምግብ ሚዛን፦

ማንኪያ በማንኪያ ባለው ላይ የምጨምረው የመጠጡን ሰዓት ነው። ከምግብ ጋር መጠጣት የለም፤ ከበላች በኋላም 30 ደቂቃ ትቆይ። ውሃው ቦታ ይይዝባታል። በቀን 1.5 ሊትር ፈሳሽ ያስፈልጋታል፤ ሼኩ፣ ማለትም በውሃ የተበጠበጠው የፕሮቲን ዱቄት፣ እና ወተቱ ይቆጠራሉ። 200 ሚሊ ሊትሩን ሼክ በግማሽ ሰዓት ወይም በ45 ደቂቃ በትንሽ በትንሹ ትጨርሰው።

ስለ ኮላጅን፦ ለዚህ ዓላማ አይሆንም። ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ነው፤ ሰውነት ራሱ መሥራት ከማይችላቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች አንዱ ትሪፕቶፋን ነው፤ ኮላጅን ውስጥ የለም። ማሸጊያው ላይ 20 ግራም ፕሮቲን ቢባልም በ60ው ውስጥ አይቁጠሩት። ዌይ፣ የአኩሪ አተር ወይም የእንቁላል ፕሮቲን ይምረጡ። ከዌይ ደግሞ አይሶሌት የሚለው ላክቶሱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ኮንሰንትሬት የሚለው ርካሽ ቢሆንም ሆድ ሊነፋ ይችላል። በአንድ መስፈሪያ ከ20 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን፣ ከ5 ግራም ያልበለጠ ስኳር ይኑረው። ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር መጀመሪያ አካባቢ ግላይሲን ወይም ታውሪን ለብቻው ተጽፎ ካዩ ይተዉት፤ በርካሽ አሚኖ አሲድ ቁጥሩን ከፍ አድርገውት ሊሆን ይችላል።

ሰማያዊ ጃንጥላ፦

ይቅርታ በመሐል ልግባ። የእኔ ባይፓስ የሚባለው ነው፤ ጨጓራውን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና፤ አራተኛ ወሬ ነው። ፀጉሬ በእጅ እየተዛቀ ነው፤ ፕሮቲን ግን 70 ግራም እሞላለሁ። ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ልጀምር?

ዘወትር አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ፤ እህቴ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ታስመልሳለች። ይህ የተለመደ ነው?

ነጭ ጋውን፦

ከማስመለሱ ልጀምር፤ ከፕሮቲኑ በፊት የሚቀድመው እሱ ነው። ፈጥና ስትበላ ወይም ደረቅ ሥጋ ስትውጥ ብቻ ከሆነ ከላይ የተሰጠው ምክር ያስተካክለዋል። አበላሏ ተስተካክሎም ከቀጠለ ግን ለቀዶ ሐኪሟ ይነገር። ባለፈው ሳምንት የሚወርድላት ለስላሳ ምግብ ዛሬ አልወርድ ካለ፣ ቀጥሎም ፈሳሹ ካስቸገራት፣ ቱቦው ጠብቦ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥበት ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ በሚገባ ፊኛ ሊሰፋ ስለሚችል ተቻችሎ መኖር አያስፈልግም።

የማስመለስ ትልቁ አደጋ ቲያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 ማለቁ ነው። በሰውነት ያለው ክምችት ለሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ የሚበቃ ነው። አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት፣ የእግር መደንዘዝ ከታየ ለቀጠሮ የሚቆይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። እዚያም የጨጓራ ቅነሳ እንዳደረገችና ስንት ቀን እንዳስመለሳት በግልጽ ይናገሩ። ግሉኮስ የተባለው ስኳር ያለበት የደም ሥር ፈሳሽ ከመሰቀሉ በፊት ወይም አብሮ ቲያሚን መሰጠት አለበት፤ ብቻውን ከገባ የቀረችውን ቲያሚን ጨርሶ የአንጎል ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

ፕሮቲን ማነሱን በቤት የሚያዩት እንዲህ ነው። የቅልጥሟን ፊት በአውራ ጣት አምስት ሰከንድ ያህል ይጫኑት፤ ጣትዎን ሲያነሱ ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት አለ። ከወንበር በእጇ ሳትደገፍ መነሳት ካቃታት ጡንቻዋ እየሟሸሸ ሊሆን ይችላል። ቁስሉም ለመዳን ይዘገያል። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ሲለካ ትክክል ቢወጣ ብቻውን አያስተማምንም፤ ግማሹ ለመተካት 20 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ የዛሬውን እጥረት ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። በሰውነት መቆጣትና በኢንፌክሽንም ይወርዳል። የተጻፈው የግራም መዝገብዎ ከዚያ ቀድሞ ይናገራል፤ ለሐኪሟ ይዘውላት ይሂዱ። የኩላሊት ሕመም ካለባት ደግሞ ልኩን ሐኪሟ ራሱ ይወስን፤ እዚህ የተጻፈው አይመለከታትም።

ሰማያዊ ጃንጥላ፣ በሦስተኛው ወር አካባቢ የሚጀምር መርገፍ ከቀዶ ሕክምናውና ከፈጣኑ የክብደት መቀነስ የሚመጣ ነው። ሥሩ ስለማይሞት ከጥቂት ወራት በኋላ መልሶ ይበቅላል። ከስድስተኛው ወር በኋላ ከጀመረ ወይም ዓመት ካለፈው ግን ፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳየው)፣ ዚንክ፣ ፎሌትና ቢ12 ይለኩ። በባይፓስ ምግቡ የሚያልፈው አብዛኛውን ብረት ከሚመጠጥበት የአንጀት መጀመሪያ ውጭ ስለሆነ ፌሪቲኑን አሁንም ማሳየት አይከፋም። ባዮቲን ላይ ገንዘብዎን አያውጡ፤ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ የእንቅርትና የልብ የደም ምርመራ ውጤትን ሊያዛባ ይችላል። ቀድመው ከጀመሩ ደም ከመሰጠትዎ በፊት ይንገሯቸው።

ዘወትር አንባቢ፦

ነገ ለሐኪሟ እደውላለሁ። የብረት ኪኒኗን ጠዋት ከወተቱ ጋር ነው የምሰጣት፤ ችግር አለው?

ነጭ ጋውን፦

አዎ፣ ይለዩት። በወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ብረቱ በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ ሻይና ቡናም እንደዚያው። የ9 ሰዓት ተኩሉ ሼክ በውሃ ቢበጠበጥም ዌይ ራሱ ካልሲየም ስላለው ከእሱም ይራቅ። ብረቱን ከመኝታ እርጎ ሁለት ሰዓት ቀድማ፣ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ በውሃ ትውሰደው። ካልሲየም ሲትሬት ታዞላት ከሆነ በአንድ ጊዜ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ግራም ሳያልፍ ተከፋፍሎ በቀን ይሰጣት፤ ከብረቱም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቅ።