እማዬ ውኃ ጥሙ አልቆርጥላት አለ፤ ደሴ ላውጣት?

የቦርከና ልጅ፦
የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። የእማዬ የጡት ካንሰር ወደ ጀርባ አጥንቷ ከተዛመተ ሰባት ወሩ። ሕመሙን በሞርፊን ሽሮፕ ይዘነው ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን አንዱን ጆግ ውኃ ጨርሳ ሌላ ትላለች፤ ሌሊት አምስት ስድስቴ ለሽንት አነሳታለሁ። ሆዷ ደርቋል፤ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ትናንት ቡና ሳፈላ በሟች አክስቴ ስም ጠራችኝ። ጎረቤት «ጊዜዋ ደርሷል፣ አታንገላቷት» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ሞርፊኑ ነው ብሎ ሊቀንስባት ነው። እኔ ልቤ እሺ አላለኝም። በዚህ አቅሟ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ላውጣት?

ነርስ ከደሴ፦
አብሽሪ እህቴ። ዛሬውኑ አምጫት፣ ነገ አትበይ። አጥንት የገባ ካንሰር ካልሲየሙን እየሸረሸረ ወደ ደም ይለቀዋል። ያኔ ኩላሊት ውኃ መያዝ ያቅተዋል፤ ጥሙም ሽንቱም ከዚያ ነው። ድርቀቱ፣ እንቅልፉ፣ መቀባዠሩም እንዲሁ። የልብ ምትም ያዛባልና ከደም ምርመራው ጋር ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሳላት። የጤነኛ ሰው ካልሲየም ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ነው። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን አብሮ ይለካ፤ እሱ ዝቅ ካለ የካልሲየሙ ቁጥር ያታልላል። ዴክሳሜታሶን የሚባለውን ስቴሮይድ መድኃኒት ከወሰደች ስኳሯም ይታይ፣ እሱም እንዲህ ያስጠማል። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፣ ያስተኛል፤ ሽንት ግን ይይዛል እንጂ አያበዛም። ሐኪም ሳያያት አትቀንሱባት፣ ሕመሙ ይነሣባታል።

የሐይቁ፦
አላህ ያሽርልሽ። አባቴ የሳንባ ካንሰር ነበረው። ጋደም ሲል ትንፋሽ ሲያጥረውና ተቀምጦ ሲያድር «ድካም ነው» አልን። በአልትራሳውንድ ሲታይ ልቡን ውኃ ከቦታል። በመርፌ ተቀዳለትና በዚያው ሌሊት በጀርባው ተኛ። ከዚያ በኋላ አራት ወር አብሮን ኖረ። እማዬም ትንፋሿ ካጠራት ደብቃ እንዳትይዘው ጠይቂያት።

የቦርከና ልጅ፦
ባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ የሰው መኪና ለምኜ አወጣኋት። ካልሲየሟ 14.2 ሆኖ ተገኘ። ስኳሯ ደህና ነው። ግሉኮስ ሳይሆን ሳላይን (የጨው ውኃ) ሰቀሉላት፤ ኩላሊቷን አይተው ካልሲየም የሚያወርደውን ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር ሰጧት። ሐኪሙ አልዋሸኝም፤ ካንሰሩ ያው ነው፣ ካልሲየሙም ሊመለስ ይችላል አለኝ። በአራተኛው ቀን ግን በስሜ ጠርታኝ «ቡናው ምነው ቀጠነ?» አለች። ነርሷ እህቴ፣ ቤት ከገባን በኋላ በየስንት ቀኑ ላስለካት?