ጽዋው ላይ ጠላ ይኑር ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ የሚጠጣ ሰው «በመንፈሳዊ መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ይችላል ወይ? በደሴና በኮምቦልቻ ይህ ጥያቄ የሚነሳው ለጽዋ ማኅበር በሚጠመቀው ጠላ ነው። ሙስሊም ጎረቤት ሲጠራ ቃሪቦ (ከጠቆረ የገብስ ቂጣና ከስኳር የሚዘጋጅ መጠጥ) ወይም ብርዝ (በውሃ የተበጠበጠ ማር) ለብቻ ይዘጋጅለታል። አሁን «ለሁሉም ቃሪቦ ይሁንና ጠላው ይቅር» የሚሉ አሉ። «ጠላ የሌለበት ጽዋ ምኑን ጽዋ ሆነ» የሚሉም አሉ። ጥቅስ የምትጠቅሱ ምዕራፉን አስቀምጡ፤ ቁጥር የምትጠሩ ስሌቱን አሳዩ።

ዲያቆን፣ ሆጤ፦ ጽዋ ማለት ዕቃው እንጂ ጠላው አይደለም። ማኅበሩ የሚሰበሰበው በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም ለመጸለይና ድሃ ለማብላት ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይንን ርኩስ አላለችም። ጌታ በቃና ዘገሊላ ውሃውን ወይን አድርጓል፤ ሐዋርያውም ጢሞቴዎስን «ስለ ሆድህ ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ» ብሎታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። የተከለከለው ስካር ነው (ኤፌ. 5፥18)። ለካህናት ግን ሕጉ ይጠብቃል፤ በሐዋርያት ቀኖና መጠጥ ልማዱ የሆነ ጳጳስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ካልተወ ይሻራል።

አንድ ነገር ላርም። «ቁርባኑም አልኮል ነው» እየተባለ ጠላን መከላከል ልክ አይደለም። ለቅዳሴ የሚቀርበው ዘቢብ ነው፤ በቤተ ልሔም (የቁርባኑ ማዘጋጃ ቤት) በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ይቀርባል። እንደ ጠላ ተጠንስሶ ቀናት የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

የሰኞ ገበያ ሽማግሌ፦ ልጄ፣ መልካም ተናግረሃል። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሴቶቹ ለብቅሉ፣ ለጌሾው፣ ለጋን እጥበቱ ሳምንት ሙሉ ይሰባሰባሉ። ማኅበሩን ያቆመው ያ መሰባሰብ ነው። ጠላው ሲቀር በካርቶን ለስላሳ ገዝቶ ማቅረብ ይመጣል፤ ከዚያ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይበተናል። በጠላዋ ልጅ የምታሳድገው እናትም አለች። «ኃጢአት ነው» ብሎ እሷን ማሳፈር መንፈሳዊነት አይመስለኝም።

ኡስታዝ፣ ሸዋ በር፦ አብሽሩ አባባ፣ ሴቲቱን የሚያሳፍር ቃል ከኔ አይወጣም። ጥያቄው ስለ መጠጡ ስለሆነ በእኛ በኩል ያለውን ልናገር። ክልከላው በደረጃ ነው የመጣው። ሱረቱል በቀራ 219 «ኃጢአቱ ከጥቅሙ ይበልጣል» አለ። ሱረቱ ኒሳእ 43 «ሰክራችሁ ሶላትን አትቅረቡ» አለ፤ አምስት ወቅት ለሚሰግድ ሰው የሚጠጣበት ሰዓት እየጠበበ ሄደ። ሱረቱል ማኢዳ 90 እና 91 ላይ «ራቁት» ተብሎ ተዘጋ፤ ምክንያቱም እዚያው ተነግሯል፦ ጠብና ጥላቻ ይጥላል፣ አላህን ከማውሳት (ከዚክር) እና ከሶላት ያግዳል። ሐዲሱ ደግሞ «ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም ነው» ይላል። ስለዚህ ዲያቆን ያነሳው «ጥቂት» በእኛ መንገድ ላይ ቦታ የለውም። ጎረቤት ቤት ሄጄ ቃሪቦዬን እጠጣለሁ፣ ከምርቃቱ እካፈላለሁ፤ እስካሁን ወሎን ያኖረው ይኸው ነው።

ጠማቂ፣ ፒያሳ፦ ኡስታዝ፣ «ቃሪቦዬን እጠጣለሁ» ያሉት ላይ እንነጋገር። ብዙ ሰው አልኮሉን የሚያመጣው ጌሾ ይመስለዋል፤ «ጌሾ የለበትም፣ ስለዚህ አያሰክርም» ይላል። ስህተት ነው። ጌሾ መራራነት ይሰጣል፣ መጠጡ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ይከላከላል፣ እርሾም ይዞ ይገባል። አልኮሉ ግን የሚወጣው ከስኳሩ ነው፤ እርሾ ስኳሩን ይበላና ጋዝና አልኮል ያወጣል።

ጠላ ላይ ስኳሩ የሚመጣው ከብቅሉ ነው። የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ሁለት ሦስት ቀን ሲሆነው ቂጣውና ብቅሉ ይገባሉ፤ ከዚያ አሻሮው (የተቆላው የእህል ዱቄት) ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ ሲበስል ውሃ ተጨምሮበት የጋኑ አፍ ይመረጋል። በየደረጃው ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር እየለወጠ ለእርሾው ያቀርብለታል። ቃሪቦ ላይ ይህ ሁሉ የለም፤ በቀጥታ ነጭ ስኳርና የዳቦ እርሾ ነው የሚገባው። የገብስ ቂጣው እስኪጠቁር ይጋገራል፣ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠለላል፤ ከዚያ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። ያደረው ለልጅ ይሰጣል፤ ሦስት አራት ቀን የቆየውን ግን ልጅ አያገኘውም፤ አዋቂ ነው የሚጠጣው። ለምን እንደሚለይ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ስሙን የሚጠራው ግን የለም።

ጤና መኮንን፣ ኮምቦልቻ፦ እቴ ጠማቂ ያለችውን በቁጥር ላስቀምጠው። 20 ሊትር ቃሪቦ ውስጥ 1 ኪሎ ስኳር ከገባ በሊትር 50 ግራም ነው። እርሾ ሙሉውን ከበላው ግማሹ ያህል አልኮል ይሆናል፣ ማለትም በሊትር 25 ግራም ገደማ። ይህ በይዘት 3 በመቶ አካባቢ ነው። የቤት ጠላም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ተጣርቶ የሚቀርበው እስከ 5 እና 6 ይደርሳል። ስለዚህ እርሾው ስኳሩን ሙሉ በሙሉ የበላው ቃሪቦ ጠላ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ስሙ ነው።

ፍጥነቱ በሙቀቱ ይወሰናል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት፣ ትሞቃለች። ደሴ ላይ ማታ ተዘጋጅቶ ጠዋት ገና ጣፋጭ የሆነው ቃሪቦ፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው መጠን ኮምቦልቻ ላይ ተንተክትኮ ይገኛል። ለመለየት ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አፍስሱ፣ ጎኑን ጨምቃችሁ አየሩን አስወጡ፣ ክዳኑን ግጠሙ። በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ጠርሙሱ ተነፍቶ ጠንካራ ከሆነ እርሾው እየሠራ ነው። በመስታወት ጠርሙስ ግን አትሞክሩት፤ ይፈነዳል።

ኡስታዝ፣ ሸዋ በር፦ ጀዛኩሙላህ። ይህን መካድ አይገባም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘቢብ ተዘፍዝፎላቸው ያንን ነቢዝ (የዘቢቡን ውሃ) የዚያን ቀን፣ ማግስቱንና እስከ ሦስተኛው ቀን ማታ ይጠጡት እንደነበር፣ ከዚያ የተረፈው ይደፋ እንደነበር ኢብኑ ዐባስ አስተላልፈዋል። አንዳንዱ ይህን ይዞ «ቃሪቦም ሦስት ቀን ይፈቀዳል» ይላል። ግን ያ ዘቢብ በውሃ ብቻ ነበር፤ ማንም የዳቦ እርሾ አልጨመረበትም። ፉቀሃዎች (የሸሪዓ ሕግ ሊቃውንት) ምልክት አድርገው ያስቀመጡት መፍላቱን፣ መጠንከሩንና አረፋ ማውጣቱን ነው። በወሎ ከሸሪዓ የሕግ መንገዶች (መዝሀቦች) ሐነፊውም ሻፊዒውም አለ። ከወይንና ከተምር ውጭ ባለው መጠጥ ላይ ከሐነፊው መዝሀብ መሥራች ከአቡ ሐኒፋ የተላለፈ የተለየ አስተያየት አለ፤ በመዝሀቡ ፈትዋ የተያዘው ግን የተማሪያቸው የሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን ቃል ነው፦ የሚያሰክር ሁሉ ጥቂቱም ብዙውም ክልክል ነው። ስለዚህ መለኪያው ቀኑ ሳይሆን ሁኔታው ነው። ጠርሙሱ ከተነፋ ለኔ በቅቷል።

በሌላ ጎን ደግሞ ወሰን ማለፍ አያስፈልግም። ዳቦ ውስጥም እርሾ ኢምንት አልኮል ይተዋል። ሆድ እስኪሞላ ተጠጥቶ እንኳ የማያሰክር ነገር «ብዙው የሚያሰክር» ውስጥ አይገባም።

ወንጌላዊት፣ መናፈሻ፦ በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቻችን ፈጽመን አንጠጣም። እኔ የምይዘው ሮሜ 14፥21ን ነው፤ ወንድምህ የሚሰናከልበትን ወይን አለመጠጣት መልካም ነው ይላል። «ለኔ ኃጢአት ነው ወይ?» ከማለት ይልቅ «አጠገቤ የተቀመጠው ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ማኅበር ላይ ለመተው የሚታገል ሰው ይቀመጣል፤ «እንዴ፣ በሞቴ ጠጣ» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳለታል። እንግዳ አክባሪነታችንን እወደዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ሰውየውን ይጎዳዋል።

ዲያቆን፣ ሆጤ፦ እህቴ ልክ ነሽ። ቆሮንቶስ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ የገሠጸውም ይኸንኑ ማዕድ ነው፤ «አንዱ ይራባል አንዱም ይሰክራል» (1ኛ ቆሮ. 11፥21)። ማግሥቱን ሊቆርብ ያሰበ ሰው ደግሞ 18 ሰዓት መጾም አለበት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚቀበል ከሆነ ከዋዜማው 9 ሰዓት በኋላ እህልም ውሃም የለም። ከሰዓት በኋላ የተጀመረ ጽዋ እስከ ምሽት ሲቀጥል ቁርባኑን ነው የሚያስቀረው። ጠላው ይቅር አልልም፤ «በሞቴ» ግን ይቅር።

የሰኞ ገበያ ሽማግሌ፦ «በሞቴ» ይቅር ካላችሁ እስማማለሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠላ ግን ማንን ገደለ?

ጤና መኮንን፣ ኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ሁለት ሆኖ ቢቆም ክርክሩ ይቀንስ ነበር። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ አምስት ጊዜ ሲቀዳ 1.5 ሊትር ነው። 3 በመቶ ከሆነ 35 ግራም፣ 5 በመቶ ከሆነ 59 ግራም ንጹህ አልኮል ገባ ማለት ነው። ጉበት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው የሚያስወግደው። ስለዚህ ከ4 እስከ 7 ሰዓትና ከዚያም በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። ከደሴ ማኅበር ተነስቶ ማታ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚነዳ ሰው በዚያ ጠመዝማዛ ይህን ይዞ ነው የሚወርደው። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥሬ ሥጋ፣ አንዳቸውም አያፋጥኑትም። አረቄ ላይ ሲመጣ ደግሞ 45 በመቶ የሆነው ዳግም አረቄ (ሁለት ጊዜ የወጣው) 50 ሚሊ ሊትሩ ብቻ 18 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለ በግልጽ ተናግሯል፤ አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበውም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

የመጣሁበት ዋና ጉዳይ ግን ይኸኛው ነው፤ እባካችሁ ሁላችሁም ያዙት። ለዓመታት ዕለት ዕለት አረቄ የሚጠጣ ሰው ተጸጽቶ፣ ተውበት አድርጎ ወይም ሱባኤ ይዞ በአንድ ቀን ሲያቆም ሊሞት ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ 6 እና 8 ሰዓት ገደማ በኋላ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ያቅለሸልሻል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ደግሞ ትኩሳት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ቦታ መሳት ሊከተል ይችላል። ይህ ጸበል ቦታ ላይ ሲሆን «መንፈሱ ጮኸ» ይባላል፤ ሰውየው ይታሰራል፣ ውሃም እህልም ይከለከላል። አንጎሉ ግን አልኮሉን ድንገት አጥቶ ነው እንዲያ የሆነው። ሆስፒታል ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ዳያዚፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት መጠኑ እየቀነሰ ይሰጠዋል፤ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ከግሉኮስ በፊት ይሰጣል፤ ግሉኮሱ ቢቀድም አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። አረቄውን ቤት ውስጥ እየቀነሱ ማቆምም አይታመንም፤ የዛሬው ጠርሙስ 35 በመቶ፣ የነገው 45 ሊሆን ይችላል፤ ማንም አልለካውም።

ዲያቆን፣ ሆጤ፦ ይህን ስለተናገርክ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጸበሉና ሐኪሙ አይጣሉም፤ ሲራክ 38 ላይ ባለ መድኃኒትን አክብረው፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ሱባኤ የሚገባ ጠጪ አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳይደብቅ ይንገር፤ አባትየውም መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ይላከው። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ጸሎቱ አይቀርበትም።

ኡስታዝ፣ ሸዋ በር፦ እኛም ዘንድ ረመዳን ሲገባ በአንድ ሌሊት የሚያቆሙ አሉ፣ ፈሳሽ ሳይወስዱ ቀኑን ሙሉ። ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ በሻዕባን፣ ቀድሞ መታከም ነው። በረመዳን ቢታመም ደግሞ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን መክፈል ተፈቅዶለታል (ሱረቱል በቀራ 185)። ማቆሙ ግዴታ ነው፤ እንዴት በሰላም እንደሚያቆም ማወቅም የዚያው ግዴታ አካል ነው።

አወያይ፦ ጠላው ላይ አልተስማማችሁም፤ ይቀጥላል። ቃሪቦው ላይ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ ለ40 ሰው እርሾ ጨርሶ የማይሠራበት ቃሪቦ እንዴት ይዘጋጃል?

ጠማቂ፣ ፒያሳ፦ ለሰው ግማሽ ሊትር ብለን 20 ሊትር እንያዝ። 2 ኪሎ የገብስ ዱቄት በቂጣ ጋግሩ፤ እስኪጠቁር፣ ግን ከሰል እስኪሆን አይደለም፤ ከሰል የሆነው ይመራል። ሰባብራችሁ በ22 ሊትር ውሃ ግማሽ ሰዓት አፍሉት፤ ሁለቱ ሊትር በእንፋሎትና በአተላው ይሄዳል። ብቅል አታስገቡ፤ ብቅል ከገባ ስኳር ባትጨምሩም ራሱ ስኳር ያመጣል። በንጹህ ነጠላ አጥሉት። እርሾ የለም፣ ስኳርም አሁን የለም። ለጠላ የዋለ ጋን ወይም እንስራ ውስጥ ፈጽሞ አታስቀምጡት፤ በግራዋ ቢታጠብ፣ በወይራ ቢታጠን እርሾው ከሸክላው ቀዳዳ አይወጣም። ክዳን ያለው የብረት ድስት ይሻላል። ስኳሩን፣ 1 ኪሎውን፣ እንግዳው ሲቀመጥ ነው የምትበጠብጡት። የተረፈው ለነገ አይቀመጥም። ብርዝም እንዲሁ ነው፤ አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ በዕለቱ ይበጠበጣል፣ በዕለቱ ያልቃል።