የጽሑፍ ስክሪን ፕሮጀክት፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንጻፍ

አስተባባሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የዘንድሮውን የጋራ ሥራ ፕሮፖዛል የምንጽፈው እዚህ ነው። ባለፈው የተስማማነው በሐሳቡ ብቻ ነው፦ የድሮ ኮምፒውተሮችን ፎንትና በጽሑፍ ብቻ የሚሠሩ ስክሪኖቻቸውን ማንም ሰው በብራውዘሩ ከፍቶ እንዲያያቸው ማድረግ። ለመነሻ ያህል አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ።

«ማኅበሩ ከ1977 እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) የወጡ አሥር ኮምፒውተሮችን ፎንት መልሶ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱም ማሳያ ገጽ ያዘጋጃል።»

አትራሩለት። የሚቆረጠው ይቆረጥ።

ፎንት ሠሪ

አሥር በዛ። ኮሞዶር 64 በረድፍ 40 ፊደል ያሳያል፣ ስፔክትረም 32። ሁለቱም በ1982 የወጡ ናቸው፤ ግን አንዱ ለሌላው የሚያውሰው ነገር የለም። አንዱን መርጠን በቅጡ ብንሠራ ይሻላል። እኔ ቪጂኤ እላለሁ፤ የፒሲውን የስክሪን ካርድ።

ፎንቱ ራሱ እኮ ትንሽ ነገር ነው። የቪጂኤው 256 ምልክት አለው፤ እያንዳንዱ 8 ነጥብ ወርድ፣ 16 ነጥብ ቁመት። ሁሉም ተደምሮ 4096 ባይት ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ አንዴ ነጥብ በነጥብ ገልብጬ፣ ሦስት ጊዜ አመሳክሬ ገጽ ላይ አወጣሁት። በዚያ ዘመን ይሠራ የነበረ ሰው አየና «ፊደሉ ልክ ነው፤ ስክሪኑ ግን ያ አይደለም» አለኝ። ተናደድኩ። ውዬ አድሬ ሳየው እውነቱን ነው። ፊደሎቹ ተጣበዋል፣ ደግሞም ድንክ ሆነዋል።

አንጋፋ አባል

የተጣበቡበትን ምክንያት ልንገርህ ልጄ። ቺፑ ውስጥ ያለው ፊደል ወርዱ 8 ነጥብ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን 9 ነው። ቪጂኤ በ1987 ሲመጣ የጽሑፍ ስክሪኑ 720 በ400 ነጥብ ነበር። 720ን ለ80 ዓምድ አካፍለው፤ 9 ይመጣል። ዘጠነኛዋን የሚጨምራት ካርዱ ነው። ባዶ ናት፤ ፊደልና ፊደል እንዳይነካካ።

ሁልጊዜ ባዶ ብትሆን ግን የሰንጠረዥ መስመሮች በየመሃሉ ይበጠሱ ነበር። ስለዚህ ከ192 እስከ 223 ቁጥር ላሉት ምልክቶች ካርዱ ስምንተኛዋን ነጥብ ዘጠነኛዋ ላይ ይደግማታል። መስመሩ ይቀጥላል። ከ179 እስከ 191 ያሉትም የሰንጠረዥ መስመሮች ናቸው፤ እነሱ ግን ወደ ቀኝ የሚዘረጋ ክንድ የላቸውም፤ መደገም አያስፈልጋቸውም። ብልሃቱ ከ1981ዱ ባለ አንድ ቀለም ካርድ ጀምሮ የነበረ ነው። እስካሁን ሳየው ደስ ይለኛል።

ድንክ የሆኑትስ? 720 በ400 ይታይ የነበረው ወርድና ቁመቱ 4 ለ 3 በሆነ ስክሪን ላይ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ካሬ አልነበረችም፤ ቁመቷ የወርዷ 1.35 እጥፍ ነው። ከቪጂኤ በፊት በነበረው ካርድ፣ 640 በ200 በሆነው ሲጂኤ፣ ይብሳል፤ 2.4 እጥፍ። ነጥቡ ካሬ በሆነ በዛሬ ስክሪን ላይ ስታወጣው ቢያጥር ምን ይገርማል?

ፎንት ሠሪ

ጋሼ፣ ይሄን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ስንት ሌሊት በተረፈልኝ።

ፕሮግራመር

እንግዲህ ረቂቁ ውስጥ «ፎንት» የሚለውን ቃል አውጡት። የምንሠራው ሳጥኑን ነው፦ 80 ዓምድ፣ 25 ረድፍ፣ 2000 ሳጥን። በማሽኑ ሜሞሪ ውስጥም እንደዚያው ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ባይት ለፊደሉ፣ አንድ ባይት ለቀለሙ።

ብራውዘር ሳጥን አያውቅም። የሚያውቀው የሚፈስ ጽሑፍ ነው። የመስመር ቁመቱ ከ1 ትንሽ ከፍ ካለ ቋሚ መስመሮች ይቆራረጣሉ። የፎንቱ መጠን የ16 ብዜት ካልሆነ ጠርዙን ያለሰልሰውና ፊደሉ ጭጋግ ይለብሳል። ሰው ገጹን 110 በመቶ ሲያጎላው ደግሞ በሳጥኖቹ መሃል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣል። ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን የጎደለ ምልክት ነው። ፎንታችን ውስጥ የሌለ አንድ ምልክት ከመጣ ብራውዘሩ ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ይዋሳል። የዚያኛው ወርድ ይለያል። ከሱ ወዲያ ያለው ረድፍ በሙሉ ይንሸራተትና የክፈፉ ቀኝ ግድግዳ ይጎብጣል።

1.35ን በተመለከተ፣ በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) ወደ ላይ እንለጥጠው ካልን ይደበዝዛል። ከመነሻው ነጥቦቹን ረጅም አራት ማዕዘን አድርገን እንሣላቸው። ነጥቡ ጥቅጥቅ ባለ ስክሪን ላይ ያምራል። በአሮጌ ሞኒተር ግን አንዱ ረድፍ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል። ስለዚህ ካሬውም በአማራጭ ይቀመጥ።

አዲስ አባል

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የጀማሪ ነው። ይሄ ሁሉ ጣጣ ካለው በካንቫስ፣ ማለትም ብራውዘሩ በሚሰጠው የሥዕል ሰሌዳ ላይ፣ ለምን አንሥለውም? ነጥቦቹን እኛው እናስቀምጣለን፤ ብራውዘሩ አይነካብንም።

ስክሪን ሪደር የምትጠቀም አባል

የጀማሪ አይደለም፤ ነባሮቹም የሚስቱት እዚያ ላይ ነው። ካንቫስ ለእኔ ባዶ ወረቀት ነው። ስክሪን ሪደሬ፣ ገጹን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ የሚያነበው ነገር አያገኝም። አንተም ብትሆን ጽሑፉን መርጠህ መገልበጥ፣ ገጹ ውስጥ ቃል መፈለግ አትችልም።

ግን ሁሉንም በጽሑፍ አውጥቶ መተውም አይበቃም። አንዴ እንዲህ ያለ ገጽ ከፈትኩ። «አግድም ድርብ መስመር፣ አግድም ድርብ መስመር፣ አግድም ድርብ መስመር» ማለቱን አላቆም አለ። ሜኑው ጋ ሳልደርስ ዘጋሁት። ክፈፉ ለዓይን ነው፤ በራሱ ንብርብር ተቀምጦ ከስክሪን ሪደር ይደበቅ። ቃሉ ለሁላችንም ነው፤ እሱ እውነተኛ ጽሑፍ ይሁን። ሜኑው እውነተኛ ሜኑ ሆኖ በኪቦርድ ብቻ ይሥራ። የድሮዎቹ ፕሮግራሞች እኮ ያለ ማውስ ነው ያገለገሉት። በዚህ በኩል ከዛሬዎቹ ይሻሉ ነበር።

የሚርገበገብ ጽሑፍ ከገባ ደግሞ ብልጭታው በሰከንድ ከ3 ጊዜ አይብለጥ። ከ5 ሰከንድ በላይ የሚቆይ ከሆነም ማቆሚያ ይኑረው። ይሄ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ነው፤ የእኔ አመል አይደለም።

አዲስ አባል

ካንቫስን ረስቼዋለሁ። የእኛ ፊደልስ ይገባል?

ፎንት ሠሪ

የፈራሁትን ጠየቅከኝ። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። 256 ውስጥ ይገባል፤ ግን ላቲኑም መስመሩም ቤት አጡ ማለት ነው። ቪጂኤ ሁለት ፎንት አጣምሮ 512 ምልክት ማሳየት ይችል ነበር። ዋጋው ከቀለሙ ይቆረጣል፤ የፊደሉ ቀለም ከ16 ወደ 8 ይወርዳል። ይሄንን ብንቀበል እንኳ «ጬ»ን 8 ነጥብ ውስጥ እስቲ ሣላት። ሞክሬያለሁ፤ የቀለም ጠብታ ነው የወጣኝ። ተርሚናሎች (በጽሑፍ ብቻ የሚሠሩ የትዕዛዝ መስኮቶች) ደግሞ ፊደላችንን የአንድ ዓምድ አድርገው ነው የሚቆጥሩት፤ እንደ ቻይንኛው ሁለት አይሰጡትም። በገዛ ገጻችን ግን ሁለት ሳጥን መስጠት ማን ይከለክለናል? ለሁለተኛው ዙር ይቆይ።

ጸሐፊ

ስለ ፈቃድ በአጭሩ። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ የፊደል ቅርጽ በኮፒራይት አይጠበቅም፤ የፎንት ፋይሉ ግን እንደ ሶፍትዌር ሊጠበቅ ይችላል። ስለዚህ የሰው ፋይል ገልብጦ የሚያመጣ እንዳይኖር። እኛው እንሣል፤ በኤስአይኤል ክፍት የፎንት ፈቃድ እንልቀቀው።

አንጋፋ አባል

አንድ አደራ። ስክሪኑን በጭረትና በአረንጓዴ ጭላንጭል እንዳታለብሱት። እኔ የሠራሁበት ሞኒተር ጥርት ያለ ነበር። ይልቅ 16ቱን ቀለሞች በትክክል አውጡ። ጠቆር ያለ ቢጫ መሆን የነበረበት ቀለም ቡኒ ነው የሚወጣው፤ አረንጓዴው ሆን ተብሎ በግማሽ ተቀንሶበታል። ቀይ 170፣ አረንጓዴ 85፣ ሰማያዊ 0።

አስተባባሪ

እሺ፣ የእኔ ዓረፍተ ነገር ቀብሩ ተፈጽሟል። የተሰበሰበው ይኸው፦

«ማኅበሩ የ1987ቱን የቪጂኤ የጽሑፍ ስክሪን በዌብ ላይ መልሶ ይሠራል። ስክሪኑ 80 በ25 ሳጥን፣ እያንዳንዱ ሳጥን 9 በ16 ነጥብ ይሆናል። የዘጠነኛዋ ነጥብ ደንብና 16ቱ ቀለሞች እንደነበሩ ይጠበቃሉ። ጽሑፉ የሚመረጥ፣ የሚፈለግና በስክሪን ሪደር የሚነበብ ይሆናል፤ ክፈፉ በተለየ ንብርብር ይቀመጣል። 256ቱም ምልክቶች ሳይሟሉ ገጹ አይለቀቅም። የግዕዝ ፊደል በሁለት ሳጥን ወርድ በሁለተኛው ዙር ይሞከራል።»

የቀረችን አንዲት ነገር ናት። ገጹ ሲከፈት ቀድሞ የሚታየው የቱ ይሁን፣ ረጅሙ ነጥብ ወይስ ካሬው? እስከ ዓርብ ድምፅ ስጡ።

ፕሮግራመር

ካሬው። አብዛኛው ሰው ስክሪን ላይ ጥርት የሚለው እሱ ነው።

ፎንት ሠሪ

ረጅሙ። አንዴ ተሳስቻለሁ፤ ይበቃኛል።

አንጋፋ አባል

በዚህስ ድምፅ ይሰጣል እንዴ? ስክሪኑ እኮ ረጅሙ ነበር።