ጓደኛሞች እርስ በርስ እንዴት እንደምንተያይ የሚያሳይ ጨዋታ ጠቁሙኝ

ሚሚ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ማታ ለጓደኛችን ልደት እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ስምንት ነን። ሰባታችን ከግቢ ጀምሮ እንተዋወቃለን፤ ስምንተኛዋ የአንዱ አዲስ ሚስት ናት። ሁሌ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ መጨረሻ ላይ ስልካችን ላይ እናፈጣለን። አንዱ ስለሌላው ምን እንደሚያስብ የሚያወጣ ጨዋታ ፈልጌ ነበር። ግን ቶሎ የሚያኮርፍ ልጅ አለን። "እውነት ወይስ ድፍረት" እንዳትሉኝ፣ ሰልችቶናል።

ናቲ፦ "ማን ነው?" ተጫወቱ። አንድ ሰው ጥያቄ ያነባል፣ "ሦስት" ሲባል ሁሉም እኩል ወደ አንድ ሰው ይጠቁማል። "ደረስኩ ብሎ ገና ከቤቱ ያልወጣ?" "ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢደወልለት የሚያነሳ?" "ሎተሪ ቢደርሰው ለማንም የማይናገር?" እኩል ካልጠቆማችሁ ሁሉም የመጀመሪያውን ሰው ነው የሚከተለው። መልክ፣ ደሞዝና "መቼ ነው የምታገቢው" አይነካ።

ብሩኬ፦ ለሚያኮርፍ ሰው ሰባት ጣት ሲቀሰርበት ከባድ ነው። በወረቀት ጻፉት፣ ስም አይኑርበት።

ናቲ፦ ብሩኬ፣ ወረቀትማ ይብሳል! ግቢ እያሉ ኖት ሲዋዋሱ የኖሩ ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ይተዋወቃሉ። "ይሄ የማን ፊደል ነው?" ሲባል ነው ጸቡ የሚጀምረው።

ብሩኬ፦ እሱስ ልክ ነህ። እንግዲያው ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍታችሁ ድምፅ የሰጠውን ስም የማያሳይ ፖል አድርጉት። ስልክ ላይ ማፍጠጡም ሥራ ያገኛል።

ጋሽ ታዬ፦ ልጆቼ፣ እንቆቅልሽን ረሳችሁት? "እንቆቅልሽ" ሲባል "ምን አውቅልሽ" ይላል፤ መልሱ ከጠፋው "አገር ስጠኝ" ይባላል። ጎንደርን ወይ ሐረርን ይሰጣል። ያሸነፈው አገሩን ተቀብሎ ተሸናፊውን በስድብ ያጥበዋል፤ ሁሉም ይስቃል። ሕጉ ስለሆነ ማንም አይቀየምም። እናንተ ጥያቄውን ስለ ጓደኞቻችሁ አድርጉት። "ሚሚ ስትናደድ መጀመሪያ የምትደውለው ለማን ነው?" ያላወቀ አገር ይስጥና ይሰደብ።

ሚሚ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግሩም ነው! አመሰግናለሁ። አዲሷ ሚስትስ? ስለ እኛ ምንም አታውቅም።

ሳምሪ፦ ሚሚዬ፣ ለእሷ ማፊያ የሚባለው ጨዋታ ነው የሚሻለው። እ.ኤ.አ. በ1986 ዲሚትሪ ዳቪዶቭ የሚባል የሞስኮ ሰው ነው የፈጠረው። በመጀመሪያው ዙር እሷ ታጫውት፤ ሰባት ትቀራላችሁ። ማንነታችሁን በምስጢር ትይዛላችሁ፦ ሁለት ማፊያ (ገዳዮቹ)፣ አንድ መርማሪ (ሌሊት አንዱ ማፊያ መሆን አለመሆኑን በምልክት የሚጠይቃት)፣ አንድ ዶክተር (ሌሊት አንዱን ከመገደል የሚያድን)፣ የቀረው ነዋሪ። "ሌሊት" ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ መጀመሪያ ማፊያዎቹ ብቻ ገልጠው የሚገደለውን በምልክት ያሳዩዋታል፤ ከዚያ መርማሪውና ዶክተሩ በየተራ ይገልጣሉ። "ሲነጋ" ተከራክራችሁ የጠረጠራችሁትን በድምፅ ታስወጣላችሁ። እሷ ዓይኗን ሳትጨፍን ሁሉን ስለምታይ ማን ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ በአንድ ምሽት ታውቃለች። እናንተም የምታዩት አይጠፋም። ነዋሪ ሆኖም ሁሌ መጀመሪያ የሚጠረጠር ሰው አለ፤ እንዴት እንደምታዩት እዚያ ላይ ይታወቃል።

ሄዋን፦ ሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ረጋ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ደግሞ "የጆሃሪ መስኮት" አለ። ጆሴፍ ሉፍትና ሃሪንግተን ኢንግሃም እ.ኤ.አ. በ1955 ያወጡት ነው። 56 ቅጽሎች አሉት፦ ደግ፣ ኩሩ፣ ዝምተኛ፣ ዓይናፋር፣ ቀልደኛ የመሳሰሉ። ሰውዬው ለራሱ አምስት ወይም ስድስት ይመርጣል፣ ሌሎቹም ለእሱ ይመርጡለታል። ከዚያ ይነጻጸራል። ለቤት ሃያ ቃል ይበቃል። ጥሩ ጥሩውን ብቻ አስገቡ፤ የሚያኮርፈውንም ልጅ አያስከፋም። እሱ ለራሱ ያልመረጠውን፣ ሌሎቹ ግን በሙሉ የመረጡለትን ቃል ሲያይ ፊቱን እዩት!

ሚሚ፦ ወሰንኩ። ቡናው እስኪፈላ የሄዋን፣ ከዚያ የጋሽ ታዬ፣ ማታ ማፊያ። ናቲ፣ ጥያቄዎችህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ሳምሪ፦ ማፊያውን በጊዜ ጀምሩ። "አንድ ዙር ብቻ" እየተባለ ታክሲ ያመልጣችኋል።